ያልተራገጠው አጋዘን

በጀውሃ ወንዝ ዳር ባለች አንዲት መንደር ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለሰርግም ለሰደቃም የታረደው ሁሉ በሷሊሕ እጅ ነው የታረደው። ሰውየው ሼህ አይደለም። መስጊድ ሲገባም ከበሩ አጠገብ፣ ጫማ ከሚወለቅበት አለፍ ብሎ ነው የሚቆመው። ካራው ግን የታመነ ነው። ሴቶቹ ሥጋ ሲመጣላቸው «ሷሊሕ ያረደው ነው?» ይላሉ፤ «አዎ» ከተባሉ ድስቱ ይጣዳል፣ ሌላ ጥያቄ የለም።

ይህን እምነት ያገኘው ስለት አሳምሮ አይደለም፤ እምቢ ማለት ስለሚያውቅ ነው። ገና ሃያ ሰባት ዓመቱ ሳለ አንድ ባለጸጋ ለልጁ ሰርግ የደለበ በሬ ጣለ። በሬው ሌሊቱን ነፍቶት ስላደረ ሊያልቅ ሲል ነበር የተደረሰበት። ሷሊሕ አረደ፤ በሬው ግን እግሩን አላነሳም። ካራውን በሣር ጠረገና ሙሽራውና ሚዜው በቆሙበት «ለውሻ ስጡት» አለ። ባለጸጋው ለመነው፣ ሰደበው፣ በመጨረሻም ዱላ አነሳ። ሷሊሕ ቃሉን አላጠፈም። ከዚያን ቀን ወዲህ ሷሊሕ ካለ አለ ነው።

ደንቡ አጭር ነው። የሚያልቅ እንስሳ ነፍሱ ሳትወጣ ይደረስበታል። ካራው ካረፈ በኋላ ከተራገጠ፣ ደሙም ተፈናጥሮ ከወጣ፣ ነፍስ ነበረበት፤ ሐላል ነው። ካልተራገጠ በክት ነው። ይህ ደንብ ስለ ነፍስ ነው የሚናገረው፤ ስለ በሽታ አንድም ቃል የለውም፣ እናገራለሁም ብሎ አያውቅም። ሰዉ ነው ሁለቱን አጣብቆ የያዘው፤ የተባረከ ሁሉ ጤነኛ ነው ብሎ። ክርስቲያኑም ቢሆን ያው ነው፤ በስመ አብ ከተባለበት የታመመው በሬ የዳነ ይመስለዋል። ስንት ሰው በዚህ ስህተት ወደ መቃብር እንደወረደ የቆጠረ የለም። መቁጠር የነበረባቸው ሰዎች ሸዋሮቢት አዳራሽ ውስጥ የታሸገ ውሃ ፊታቸው ደርድረው «የግንዛቤ ማስጨበጫ» ላይ ናቸው። ግንዛቤው ከአስፋልቱ ወርዶ፣ ያችን የግማሽ ሰዓት መንገድ በእግሩ ሄዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ አያውቅም።

ሚያዝያ ነበር። ረመዳን ወጥቷል፣ ሁዳዴ ገና አልተፈታም። የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ከወንዙ ማዶ ያለው ቁጥቋጦ አመድ መስሏል፤ አረንጓዴ ነገር ያለው ከቦዩ ዳርና ዳር ብቻ ነው። ሷሊሕ ማለዳ ውኃ ወደ ማሾ ማሳው ሊመልስ ሲወርድ፣ የፊት እግሮቹን ቦዩ ውስጥ ነክሮ የቆመ ወንድ አጋዘን አገኘ። ቀንዱ ሁለት ጊዜ ተጠምዝዞ የወጣ፣ ትልቅ።

አጋዘን የሰው ኮቴ ከሩቅ ሰምቶ የሚበር ፍጥረት ነው። ይህኛው ግን ዞሮ አየው፣ ከዚያ መልሶ አንገቱን ደፋ። ጆሮዎቹ ወድቀዋል። ጎኑ እንደ ወናፍ ይመታል። ጉሮሮው ሥር አብጧል፣ ከአፍንጫው ቀዳዳ ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ ደም ወርዶ ከንፈሩ ላይ ደርቋል። ሷሊሕ ይህን ሁሉ አየ። ዓይን አልጎደለውም።

ከቦዩ ወዲያ ሽንኩርት የሚያለማው ግርማ መኮትኮቻውን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። ግርማና ሷሊሕ በአንድ ቦይ ሲጣሉና ሲታረቁ ሃያ ዓመት የኖሩ፣ እኩያ ሰዎች ናቸው።

«ሷሊሕ፣ ፍየልህን ምን አበላኻት? ቀንዷ እንዲህ የወጣው።»

«ያንተ መስሎኝ። ሽንኩርትህን ሲጠብቅ ያደረ።»

«እንዲህ ያለ ዘበኛ ቢኖረኝ ጃርት ባልጨረሰኝ።» ግርማ ቀረብ አለ፤ አጋዘኑ አልተንቀሳቀሰም። ግርማ ባርኔጣውን አወለቀ። «አይሸሽም እኮ። ይኼ የአቡዬ እንግዳ ነው። ተወው፣ ጠጥቶ ይሂድ።»

«የምን እንግዳ ነው የምታወሩት?» አለ ከኋላ የመጣው ሰዲቅ። ሰዲቅ የቀበሌው ሚሊሻ አዛዥ ነው፤ ጠመንጃው ከትከሻው፣ ትእዛዙ ከአፉ አይወርድም። «ሪዝቅ ነው ይኼ። ሪዝቅ በራሱ እግር ደጅህ ድረስ ሲመጣ ቆመህ ታየዋለህ?»

ልብ በሉ። ሦስት ጎልማሶች አንድ በሽተኛ እንስሳ ፊት ቆመዋል። አንዱ የቅዱስ እንግዳ አለው፣ አንዱ ከአላህ የመጣ ሲሳይ አለው፣ አንዱ ዝም አለ። ታሟል ያለ የለም። የዱር አውሬ ሰውን መፍራት የሚተወው ሲወደን አይደለም፣ ጉልበቱ ሲያልቅ ነው። ሞት ጉሮሮውን የያዘው እንስሳ የሰው ኮቴ አያስደነግጠውም። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መሄድ አያስፈልግም፤ አለመራብ ግን ያስፈልጋል።

አጋዘኑ ጉልበቱን አጠፈና ወደቀ።

«ሷሊሕ፣ ካራህን» አለ ሰዲቅ። «ሳይሞት።»

ወሬው ቀድሞ ሮጦ ነበር። ሰው ከየማሳው፣ ከየጓሮው ወጥቶ ቦዩን ከበበ። ኢድን ያለ ሥጋ ያሳለፉ፣ ሁለት ምርት ተከታትሎ የከዳቸው ሰዎች ናቸው። አንዳንዱ ሰፌድ ይዞ ነው የመጣው። ሷሊሕ የአጋዘኑን አንገት ወደ ቂብላ አዙሮ ቢስሚላህ አለና ካራውን አሳረፈ።

ደሙ አልተፈናጠረም። ቀስ ብሎ፣ እንደ ሬንጅ ጠቁሮና ወፍሮ ወጣ። ሷሊሕ በራሱ ጀርባና በቦዩ ዳር ሣር ከሰዉ የተከለሉትን የአጋዘኑን የኋላ እግሮች አየ። አልተነሡም። አንዷ ሰኮና እንኳ አልተነቃነቀችም። ትንሽ ጠበቀ። በሕይወቱ አንድ እግር እስኪነሣ እንደዚያ የጠበቀበት ጊዜ የለም።

«ተራገጠ?» አለ ሰዲቅ፣ ከኋላ ሆኖ ስላላየ።

ሰው ሁሉ ሷሊሕን ያያል። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበረ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያኖረው ያው ቃል። ቀና ሲል ግን ያየው ባለጸጋ አይደለም። የነፍሰ ጡር ምራቷን ክንድ ይዛ የቆመችውን አሪፋን አየ፤ የተሸከመችውን ሰፌድ አየ። ባለጸጋን እምቢ ማለት ቀላል ነበር።

«ተራግጧል» አለ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ በአንድ ድምፅ።

ቆዳውን የገፈፈው ግርማ ነው። «እኔ ጾም ላይ ነኝ» አለ፣ «ባልጾምም ያንተን ካራ አልበላም። ቆዳውን ግን ማንም አይወስድብኝም። ሞፈር የምታስርበት የአጋዘን ምራን በሬው ሲያረጅ እሱ አያረጅም።» እጅጌውን ሰብስቦ፣ ክንዱን በአጥር እሾህ እንደተጫረ፣ እስከ ክርኑ ደሙ ውስጥ ገባ። ሥጋው አሥራ ሰባት መደብ ሆኖ ተከፈለ፤ ከፋዩም ሷሊሕ ነው። ጉበቱን ሰዲቅ ወሰደ። ጭንቅላቱና ቀንዱ ተቀበሩ፤ ያለ ፈቃድ አጋዘን መግደል እንደሚያሳስር ሕፃንም ያውቃል። «ነገሩ እዚሁ ይቅር» አለ ሰዲቅ፣ ጠመንጃውን ከዚያኛው ትከሻ ወደዚህኛው እያዛወረ። ቀረ።

በስድስተኛው ቀን ሷሊሕ ሁለት ፍየሎቹን ከቦዩ ዳር ሞተው አገኛቸው፤ ደሙ በፈሰሰበት ሣር ላይ ሲግጡ የዋሉት ናቸው። በማግሥቱ የአሪፋ ጊደር ወደቀች። ያኔ ከወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ ኢየሩሳሌም መጣች። ሞተር አላት፤ ነዳጅ ግን የላትም። ከአስፋልቱ በእግሯ ነው የመጣችው፣ ላብ ጀርባዋን አርሶት።

የሞተችውን ጊደር አየች፣ አልነካቻትም። ማንም ቢላ እንዳያሳርፍባት ከለከለች። ከዚያ ሰዉን ወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር ሰበሰበችው።

«አባ ሰንጋ ነው» አለች። «በዚህ ሰሞን የታመመ ወይ የሞተ አውሬ ያየ አለ?»

ሰዉ ወደ ሰዲቅ ዞረ።

«እኛ ጋ አውሬ የለም» አለ ሰዲቅ። «ድርቁ አርቆታል።»

«ከካራቆሬ ወዲህ ሁለት አጋዘን ወድቀው በዓይኔ አይቻለሁ። ውኃ ፍለጋ ነው የሚወርዱት፤ የሚወርዱት ደግሞ ወደ እናንተ ቦይ ነው። ሰው ሲያይ የማይሸሽ አጋዘን ካገኛችሁ፣ ያበጠ፣ ከአፍንጫው የሚደማ፣ አትንኩት። አትረዱት። ውሻም አይቅረበው። ሬሳው ሳይከፈት ይቀበራል፣ ጥልቅ ተቆፍሮ፣ ኖራ ተጨምሮበት። ደሙ ምድር ከነካ በሽታው አፈሩ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል።»

አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የኔ ልጅ፣ ከብቷ ስትሞት ትመጫለሽ። በሕይወት እያለችስ?»

«በሕይወት እያለችማ እኔም ስብሰባ ላይ ነኝ፣ አባባ።»

ሰዉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ክትባት እንዲላክላት ሦስት ጊዜ ጽፋለች፤ ሦስቱም ጊዜ «ታይቷል» ተብሎ ተመልሷል። ታይቷል። እኒያ ሦስት ጎልማሶችም አጋዘኑን አይተውት ነበር።

«ሰው ላይ ሲወጣስ ምን ይመስላል?» አለ ሷሊሕ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

«መጀመሪያ ትንኝ እንደነከሰው ያሳክካል። ከዚያ ውኃ ይቋጥራል። ከዚያ መሀሉ ይጠቁራል፣ እንደ ከሰል። አያምም። አለማመሙ ነው የሚገድለው፤ ካላመመው ማን ሐኪም ቤት ይሄዳል?»

«መድኃኒት የለውም?»

«አለው። ተራ መድኃኒት ነው፣ የትም አለ። በጊዜ ከተነገረ።» ዓይኗን ከሱ ላይ አላነሳችም። «ጋሼ፣ የዚህ አገር አራጅ እርስዎ ነዎት ብለውኛል። በዚህ ወር የታመመ ነገር አርደዋል?»

አሥራ ሰባት ቤት ከኋላው ቆሟል። ሰዲቅ ከጎኑ ቆሟል። አሪፋ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። አርጃለሁ ቢል ሁሉንም ለፖሊስ ሊሰጥ ነው። አርጃለሁ ብሎ ዝርዝሩ ቢጠየቅ ደግሞ ያችን አንዲት ቃል ማንሳት ይመጣል፤ ከፖሊሱም የባሰችው እሷ ናት።

«አላረድኩም» አለ።

ባለሙያዋ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ውሸት ሲጻፍ እንዴት እውነት እንደሚመስል።

ከወፍጮ ቤቱ በቀጥታ ወደ ግርማ ቤት ሄደ። ሦስት ቀን ሙሉ ግርማ ቦዩ ላይ አልታየም ነበር፤ ሷሊሕም ለምን ብሎ አልጠየቀም። ሰው አንዳንዴ የማይጠይቀው መልሱን ስለሚያውቅ ነው።

ግርማ ማንጎው ሥር ጠፍር አልጋ ላይ ተኝቷል። ክንዱ ከትከሻው እስከ ጣቱ ተነፍቷል። ከክርኑ በታች፣ እሾህ የጫረው ቦታ ላይ፣ የጠቆረ ቅርፊት አለ፤ ዙሪያው በትናንሽ ውኃ የቋጠሩ ነገሮች ተከቧል። ሚስቱ አበበች በነጠላዋ ጫፍ ዝንብ ታባርራለች።

«አልማዝ ባለ ጭራ ነው አሉን» አለች። «ሦስት ቀን ጠበል ወሰድኩት።»

«ያመዋል?»

«ተመስገን፣ አያመውም። እሱ ነው ያጽናናን።»

ሷሊሕ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። ግርማ ሚስቱን ውኃ እንድታመጣ ላካት፤ እስክትርቅም ጠበቀ።

«ፊትህን አስተካክል» አለው። «አልሞትኩም።»

«ተነሣ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ሄጄ ምን ልበል? ሰዲቅ ጠዋት መጥቶ ነበር። ነፍሳት ነከሰኝ በል ብሎኛል።»

«ሰዲቅ ሐኪም ነው?»

«ሰዲቅ ጠመንጃ ነው። ግን ስለሱም አይደለም።» ግርማ ትንፋሹን ሰበሰበ። «እኔ ብሞት ምን እንደሚባል ታውቃለህ? ‹እስላም ቆዳ ሰጥቶ ገደለው› ነው የሚባለው። እዚህ መንገድ ዳር ቤት የተቃጠለው ከዚህ ባነሰ ነገር ነው። ነፍሳት ነከሰኝ ካልኩ ግን፣ ነፍሳት ሃይማኖት የለውም።»

«ብትሞትስ እኔ?»

«አንተማ ቀብሬ ላይ ትቆማለህ። ከሩቁ። ቄሱ እንዳያዩህ።»

ሷሊሕ አልሳቀም። የግርማን ክንድ እያየ፣ ለማንም ያልተናገረውን ተናገረ። «አልተራገጠም።»

«ማን?»

«አጋዘኑ። ካራዬ ከማረፉ በፊት ሞቶ ነበር። ደሙም ደም አልነበረም።»

ግርማ ዓይኑን ከደነ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ሷሊሕ ትኩሳቱ ነው ብሎ ደነገጠ፣ እሱ ግን እየሳቀ ነበር። «ላልበላ ሰው ትናዘዛለህ? እኔ ምን አገባኝ። ሂድና ለበሉት ንገር።»

ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ዘምዘም እንጀራውን አቀረበች። ሁለት ፍየሎቿን ያጣች ሴት ናት፤ ፊቷ ግን የተረጋጋ ነበር። «ሰዉ ሁሉ ፈርቷል» አለች። «እኔ አልፈራሁም። የበላነው የተራገጠ ነው። ሐላል ሰው አይጎዳም።» ሷሊሕ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ እንጀራው ላይ አስቀመጠ።

በማግሥቱ ሷሊሕ ከአስፋልቱ ባጃጅ አስመጣ። ግርማን በአበበችና በራሱ መሀል አስቀመጠው። ባጃጁ ሊነሣ ሲል ሰዲቅ መጣና ከሹፌሩ ጎን፣ በግማሽ መቀመጫ፣ ተጠጋግቶ ገባ። ጠመንጃውን እቤት ትቶታል። «ላግዝ ብዬ ነው» አለ። እስከ ሸዋሮቢት ድረስ ሰዲቅ በየጊዜው በመስታወቱ ወደ ኋላ ያያል፤ የሚያየው በሽተኛውን አልነበረም።

ጤና ጣቢያው ደጅ ወረፋው ረጅም ነበር። ተራ ሲደርስ ወጣቱ ጤና መኮንን ገና ካርዱን እየከፈተ «ምን ሆነ?» አለ።

«ነፍሳት ነክሶት ነው» አለ ሰዲቅ።

«ምን ዓይነት ነፍሳት?»

«ጊንጥ ይሆናል። ቆላ አይደል፣ ጊንጥ አለ።»

ጤና መኮንኑ ወደ ግርማ ዞረ። «ጊንጥ ነው?»

ግርማ ራሱን ነቀነቀ፣ አዎ ብሎ። ከንፈሩ ደርቋል። ጤና መኮንኑ ያን ቀን ስልሳ ሰው ያየ ነው፤ እስክሪብቶውን አነሳና መጻፍ ጀመረ።

ሷሊሕ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈውን ማንበብ አይችልም። ግን አንድ ሰው በተሳሳተ ቃል ሲቀበር እያየ መሆኑን ያውቃል፤ ቃሉም ከእርሱ የተነሣ መሆኑን ያውቃል።

«ጊንጥ አይደለም» አለ። «አጋዘን ነው።»

«ሷሊሕ» አለ ሰዲቅ በለሆሳስ፣ «ና ውጪ እንነጋገር።»

«እዚሁ ነው የምነጋገረው። የታመመ አጋዘን አረድኩ። ያረድኩት እኔ ነኝ። እሱ ገፈፈ። ፍየሎቼም በዚያው ሞቱ። የወረዳዋ ልጅ አባ ሰንጋ ነው ብላለች፤ እኔ ዋሸኋት።»

እስክሪብቶው ቆመ። ጤና መኮንኑ ተነሥቶ የግርማን ክንድ ሳይነካ ዝቅ ብሎ አየው፣ ከዚያ ጓንት አጠለቀና ነርስ ተጣራ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ፤ አልጋ መጣ፣ መርፌ መጣ፣ ግሉኮስ ተሰቀለ። መድኃኒቱ ያን ሁሉ ጊዜ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር። ከሱ ጋር የጎደለው አንድ እውነተኛ ቃል ብቻ ነበረ።

ጤና መኮንኑ ተመልሶ ተቀመጠ። «ሥጋውን ስንት ሰው በላው?»

«አሥራ ሰባት ቤት።»

«ስማቸውን ያውቃሉ?»

«መደቡን የከፈልኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ ይንገሩኝ። ለሁሉም መድኃኒት ይሰጣል። ማንን ላስቀድም?»

ሷሊሕ ወደ ጎኑ በእጁ አመለከተ። «ሰዲቅን ጻፍ። ይኸው እዚህ አለ። ጉበቱን የበላው እሱ ነው።»

ሰዲቅ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። «ጉበቱ… ጉበቱ ይብሳል እንዴ?» አለ። ከአልጋው በኩል የግርማ ድካም የበዛበት ሳቅ ተሰማ።

አበበች ከአልጋው ራስጌ ቆማለች። ግሉኮሱ ሲንጠባጠብ እያየች፣ ወደ ሷሊሕ ሳትዞር «ጋሽ ሷሊሕ» አለች፣ «ሦስት ቀን ጠበል ስወስደው በእርስዎ ደጅ ነበር የማልፈው።»

ሷሊሕ ወደ ጤና መኮንኑ ዞሮ የቀሩትን ቤቶች ስም መቁጠር ጀመረ።

ኢየሩሳሌም ከቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር በማግሥቱ መንደሩ ደረሰች፤ ስትመጣ ሞተሯ ነዳጅ ነበረው፤ ሰው ከታመመ ወዲያ ነዳጅ ይገኛል። የግርማን ቆዳ ከጎተራው ሥር አውጥታ አቃጠለች፣ ደም የፈሰሰበትን አፈር በኖራ አስደፈነች፣ የፍየሎቹንና የጊደሯን ሬሳ ጥልቅ አስቆፍራ አስቀበረች። ከዚያ ክኒን ይዘው ከቤት ቤት መዞር ጀመሩ። እኩለ ቀን ላይ ስድስት ቤት አንኳኩተው፣ ስድስቱም መልሰዋቸው፣ ሷሊሕ ደጅ መጡ።

«አይወስዱም» አለች። ተናድዳለች፤ መናደዷን ለመደበቅም አልሞከረችም። «የበላነው ሐላል ነው፣ ሐላል ሰው አያሳምምም ይሉኛል። ሷሊሕ ተራግጧል ብሏል ይሉኛል። የእርስዎን ቃል በክኒን ማሸነፍ አልቻልኩም፣ ጋሼ። እርስዎ ይቅደሙ።»

ቀደመ። ከአሪፋ ቤት ጀመረ፣ ከጫፉ። አሪፋ በሩን ይዛ ቆመች፤ ከኋላዋ ምራቷ ሆዷን ይዛ።

«ውሰዱት» አለ ሷሊሕ።

«ለምን? ሐላል አይደል የበላነው? አንተው አይደለህ ያልከው?»

«አልተራገጠም።»

«ምን አልክ?»

«አልተራገጠም፣ አሪፋ። ዋሽቻለሁ።»

አሪፋ አየችው። አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። እጇን ዘርግታ ክኒኑን ከባለሙያዋ ተቀበለች፣ ለራሷም ለምራቷም፣ እና በሩን ዘጋችው። መቀርቀሪያው ሲገባ ተሰማ።

ሁለተኛው ቤት፣ ሦስተኛው ቤት። አንዱ «አስተግፊሩላህ» ብሎ ዞረ። አንዱ ከእግሩ ሥር ተፋ። በመደብ የተሰጣቸው እኩል ሥጋ ነበር፤ አሁን ለሁሉም እኩል የሚያካፍለው ውርደቱን ነው። ወደ ዘጠነኛው ሲደርስ ወሬው ቀድሞታል፤ ሰዎች በር ላይ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ፣ ፊቱን ግን አያዩም። የሰዲቅ ሚስት ሁለት እጥፍ ክኒን ጠየቀች፣ ለጉበቱ ብላ።

ግርማ ያን ዕለት ትኩሳቱ ወርዶለት ሾርባ ጠጥቷል፤ ይህን ጤና ጣቢያው በስልክ ነግሯቸዋል። ኢየሩሳሌም ለሷሊሕ ስትነግረው በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አለ፣ ድንጋይ ላይ፣ ከዚያ ተነሥቶ ቀጠለ። የአጋዘኑ ክስ ወረቀትም ከሳምንት በኋላ ለሷሊሕ ደርሶታል፤ በሽታን የደበቀ ሁሉ ያመለጠበት፣ የተናገረው ብቻ የተያዘበት ወረቀት። በሚቀጥለው ጊዜ አጋዘን ሲወድቅ ማን ይናገራል? ይህን የጠየቀ ሹም የለም።

አሥራ ሰባተኛው ቤት የራሱ ነበር። ዘምዘም በረንዳው ላይ ቆማ ጠበቀችው፣ ኩባያ ውኃ ይዛ። ሰምታለች፤ መንደር ውስጥ ማንም ከማንም የሚሰውረው ነገር የለም።

«አልተራገጠም አሉ» አለች።

«አልተራገጠም።»

«እሺ።» ክኒኑን ከኢየሩሳሌም እጅ ወሰደች፣ መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። «ባለፈው አረፋ ያረድከውስ?»

«ያ ተራግጧል። ወላሂ።»

«ለልጃችን ኒካሕ ያረድከው?»

«ተራግጧል፣ ዘምዘም።»

«ማን አየ?»

ከካራው አጠገብ ሁልጊዜ የሚቆመው እሱ ነበር፤ ሌላው ሰው ከኋላ ነው።

ዘምዘም ክኒኑን አፏ ውስጥ ጣለችና ያለ ውኃ ዋጠችው። ኩባያውን አምጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት፣ የራሱን ክኒን እንዲውጥበት፣ እና ወደ ውስጥ ገባች።